ለልጆች የዕውቀት መጽሐፍ ስናዘጋጅ፦ የትኛው ቅርጽ፣ የትኛው ሥዕል፣ የትኛው እርማት?

ከለገሃር እስከ አምባሳደር ባሉት የመጽሐፍ መደብሮች የልጆች መደርደሪያ ፊት ብትቆሙ በብዛት የምታገኙት ተረት፣ የፊደል መለማመጃና ቀለም መቀቢያ ደብተር ነው። በዙሪያችን ያለውን እውነተኛ ዓለም ለልጅ የሚያስረዳ፣ ከመጀመሪያውም በአማርኛ የታሰበ መጽሐፍ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ቆርጠው የተነሱ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ለልጃቸው ፈልገው ያጡ ወላጆች ረቂቃቸውን ይዘው ሲመጡ በጣም ደስ ይለኛል። የብዙዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ማሳተሚያው ስንት ይፈጃል?» የሚል ነው። ከዚያ የሚቀድሙ ምርጫዎች አሉ፤ እነሱን በወጉ የጨረሰ ሰው የማሳተሚያው ጥያቄም ይቀልለታል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለልጅ የሚጻፍ እውነት ለአዋቂ ከሚጻፈው የበለጠ መጣራት አለበት። አዋቂ የተጠራጠረውን ከሌላ ያመሳክራል፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው ያ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከአንድ ቦታ እወስዳለሁ፤ ከአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም። የከተማችን ተማሪ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ በሰልፍ ሆኖ፣ አንድ ቀን ድንቅነሽን ሳያያት የሚያድግ ብዙ አይመስለኝም። ስለ ድንቅነሽ የልጆች መጽሐፍ እንጻፍ ብንል የሚገጥሙን ምርጫዎች ስለ ቡና፣ ስለ ጭላዳ ወይም ስለ ባቡር ብንጽፍም ይገጥሙናል።

ትረካ፣ ማብራሪያ፣ ጥያቄና መልስ ወይስ የሥራ መጽሐፍ?

አብዛኛው ጀማሪ ጸሐፊ ትረካን ይመርጣል። በተረት ያደግን ሰዎች ነንና ትረካ እጃችን ላይ ነው። ጥንካሬው ግልጽ ነው፤ ልጁ «ከዚያስ?» እያለ ገጹን ይገልጣል፣ ማንበብ የማይወደውም ልጅ ይከተላል። አደጋው ያለው እውነቱ ሲያልቅብን ነው። ለምሳሌ ብዙ ረቂቅ ላይ ድንቅነሽ ራሷ ትናገራለች፦ «ድንቅነሽ እባላለሁ። ከእናቴና ከወንድሞቼ ጋር ወንዝ ዳር እኖር ነበር። አንድ ቀን...» ስለ ወንድሞቿ የሚያውቅ ሰው የለም። ስሟንም ያወጣንላት እኛ ነን፤ እንደኛ የምትናገርበት ቋንቋ እንደነበራትም ምንም ማስረጃ የለም። ጸሐፊው ይህን ለማዋዛት ያደረገው ነው፤ ልጁ ግን ሦስት ነገር ተማረ፤ ሦስቱም ከአጥንቱ የተነበቡ አይደሉም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጥሩ ልብወለድ ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑ ላይ «የዕውቀት መጽሐፍ» ብሎ መሸጥ ግን ልጁን ማታለል ነው።

ስለዚህ ትረካን የምትመርጡ ከሆነ ምስክር ያለውን ታሪክ ምረጡ። የድንቅነሽ ሕይወት ምስክር የለውም፤ የግኝቷ ታሪክ ግን አለው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ሲፈልጉ ቆይተው ወደ መኪናቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ ጆሃንሰን መሬት ላይ የክርን አጥንት ስባሪ አየ። ከዚህ በላይ ልጅን የሚይዝ መግቢያ አያስፈልግም፤ አንዲትም ቃል መፍጠር የለብንም።

በእኔ እምነት ደግሞ ለኢትዮጵያ ልጆች ገና በደንብ ያልተተረከው የሰላም ታሪክ ነው። ሰላም አፋር ውስጥ ዲኪካ በተባለ ቦታ በ1993 ዓ.ም የተገኘች፣ የድንቅነሽ ዝርያ የሆነች ሕፃን ቅሪት ናት፤ ግኝቱን የመራው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። አጥንቷ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሱ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጅቷል፤ ግኝቷ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1999 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ነው። ትንሽ ልጅ፣ የአገር ልጅ የሆነ ተመራማሪ፣ የዓመታት ትዕግሥት፦ ትረካ የሚፈልገው ሁሉ በእውነቱ ውስጥ አለ።

ማብራሪያ ሁለተኛው አማራጭ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ገጽ አንድ ነገር ይይዛል፤ ቁመቷ፣ እግሯ፣ ጥርሷ፣ በዘመኗ የነበሩ እንስሳት። ልጁ ከመሃል ቢጀምርም አይጠፋበትም፤ መረጃ ወዳድ የሆኑ ልጆች፣ መኪናና ዳይኖሰር በስም የሚጠሩት፣ ከትረካ ይልቅ ይህንን ያነሳሉ። እዚህ የምንሰናከለው ሳናውቀው የመማሪያ መጽሐፍ ስንጽፍ ነው፦ ትርጉም፣ ጥቅም፣ ዓይነት፣ ማጠቃለያ። መማሪያ መጽሐፍ ሁሉንም የመሸፈን ግዴታ አለበት፤ የእናንተ መጽሐፍ ያ ግዴታ የለበትም። ሰባት ነገር ነካክቶ ከማለፍ ሦስቱን አጥልቆ ማሳየት ይሻላል።

ጥያቄና መልስ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ነው፤ በተለይ ከ7 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች። ጥያቄዎቹን ግን ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ አትፍጠሩ። ሙዚየሙ ውስጥ የተማሪ ሰልፍ አጠገብ ቁሙና አዳምጡ። አዋቂ የሚጽፈው ጥያቄ «የድንቅነሽ ግኝት ጠቀሜታ ምንድነው?» ዓይነት ነው። ልጅ የሚጠይቀው «እውነተኛዋ ናት?»፣ «ለምን ጭንቅላቷ ሙሉ አይደለም?»፣ «ሴት መሆኗን በምን አወቁ?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ጥሩ ገጽ ይወጣዋል፤ ለሕዝብ የምትታየው በትክክል የተሠራች ቅጅ ናት፤ ዋናዎቹ አጥንቶች ለደኅንነታቸው ተብሎ ተለይተው ይቀመጣሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ የተገኘው ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ነው፣ የቀረውን ሚሊዮኖች ዓመታት በልተውታል። የዚህ ቅርጽ ድክመት መልሶቹ እርስ በርስ ሳይያያዙ መበታተናቸው ነው። አንዱ መልስ ቀጣዩን ጥያቄ እንዲወልድ አድርጋችሁ ብትደረድሯቸው ችግሩ ይቃለላል።

የሥራ መጽሐፍ፣ ማለትም ልጁ የሚለካበት፣ የሚቆርጥበት፣ የሚስልበት፣ እኛ ዘንድ ከቀለም መቀቢያ አልፎ ብዙም አልተሞከረም። ቁጥርን ለልጅ የሚያስጨብጥ ግን ከእሱ የተሻለ የለም። አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለ8 ዓመት ልጅ ባዶ ድምፅ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህ ዓመት ይሁን በሉትና ክር ያስለኩት። የድንቅነሽ ዘመን 3 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይሆናል፤ ክሩ ከክፍሉ አንድ ጫፍ ተነስቶ ወዲያኛው ግድግዳ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ንጉሥ ኢዛናን ፈልጉ በሏቸው፤ ከጣታቸው ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይርቅም። የዓድዋ ድል ደግሞ በዓይን አይለይም። ይህን ያደረጉ ልጆች ፊት ላይ የሚታየውን መገረም የትኛውም አንቀጽ አይፈጥረውም። ይህን ቅርጽ ብቻውን ባትመርጡት እንኳ አንድ ጥንድ ገጽ ስጡት።

ለስንት ዓመት ልጅ?

ሽፋን ላይ «ከ5 እስከ 15 ዓመት» የሚል መጽሐፍ ለማንም አልተጻፈም። ፊደል እየለየ ያለ ልጅ አዋቂ ያነብለታል፤ ስለዚህ ቃሉ ሊከብድ ይችላል፣ ገጹ ግን አጭር መሆን አለበት። ራሱ ማንበብ የጀመረው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ትልቅ ፊደል (ከ16 ነጥብ ባያንስ)፣ በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት። ከ11 ዓመት በላይ ያሉት ልጅነት እንዳይሰማቸው ስለሚፈልጉ ገጽታው ላይ ጥንቃቄ ይሻል። አንዱን ዕድሜ ምረጡና በእሱ ጽኑ።

የቋንቋውም ምርጫ በዚህ ይወሰናል። አማርኛ ብቻ ቢሆን ገጹ ይሰፋል፣ ሥዕሉ ይተነፍሳል። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ቢሆን ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦችና ለብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ይመቻል፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ቢሆን ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም አፍ የሚናገሩ ልጆችን ያገናኛል። ሁለት ቋንቋ የሚፈልግ ግን ከመጀመሪያው ያቅድ፤ ተመሳሳይ ሐሳብ በሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ቦታ አይወስድም፤ አማርኛው ከተነደፈ በኋላ ሌላውን ማስገባት ፊደሉን ማሳነስ ብቻ ይሆናል። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር አማርኛውን የሌላው ትርጉም አታድርጉት። ሁለቱም ከአንድ ማስታወሻ፣ ለየብቻ ይጻፉ።

ፎቶ ወይስ ሥዕል?

ለድንቅነሽ አጥንት ፎቶ፣ ለድንቅነሽ መልክ ሥዕል፤ አጭሩ መልሴ ይህ ነው። ፎቶ ማስረጃ ነው፤ ልጁ «ይህ አለ» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከፎቶው ሥር የሚጻፈው እንደ ዋናው ጽሑፍ መጣራት አለበት። የቅጅዋን ፎቶ አትማችሁ «የድንቅነሽ አጽም» ብላችሁ ብታልፉ ሐሰት ነው። ሙዚየም ውስጥ ለራስ ማስታወሻ ፎቶ ማንሳትና ለሚሸጥ መጽሐፍ ማንሳት የተለያየ ነገር ነው፤ ለሁለተኛው ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ፎቶም ባለቤት አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ የፎቶግራፍ ሥራንም ይጠብቃል። «ጎግል ላይ አገኘሁት» ፈቃድ አይደለም።

ሥዕል ካሜራ ያልደረሰበትን ያሳያል፤ ያልታወቀውንም እንደታወቀ ያስመስላል። ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደነበር፣ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከአጥንቷ ይታወቃል። የቆዳዋ ቀለም፣ የጸጉሯ ብዛት፣ የዓይኗ ዓይነት ግን አይታወቅም፤ ሠዓሊው የግድ አንዱን መምረጥ አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሥዕሉ አጠገብ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ቁመቷንና አቋቋሟን ከአጥንቷ አውቀናል። የጸጉሯንና የቆዳዋን ቀለም ግን ሠዓሊው ገምቶ ነው።» ልጆች ይህን ሲያነቡ አይከፉም። እንዲያውም «እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምስላት» ብለው እርሳስ ያነሳሉ።

ከሠዓሊ ጋር ስትሠሩ አንድ ቅደም ተከተል አታፋልሱ፤ ጽሑፉ በባለሙያ ታይቶ ሳያልቅ ቀለም አይነካም። ጽሑፍ ማረም የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የተጠናቀቀ ሥዕል ማረም ግን ሠዓሊውን ያስከፋል፣ ገንዘብ ይበላል፣ በዚህ ምክንያት ስህተቱ «ይለፍ» ተብሎ ሲታተም አይቻለሁ። መጀመሪያ የእርሳስ ንድፍ፣ ከዚያ የባለሙያ ዓይን፣ ከዚያ ቀለም። ክፍያውን፣ የመብቱን ባለቤት፣ ስንት ጊዜ ማሻሻያ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ሁለተኛ እትም ቢመጣ ሠዓሊው ምን እንደሚያገኝ በውል ጻፉ። ሠዓሊው ጓደኛችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጻፉ።

እርማቱን ለማን?

የመጽሐፉ ጥራት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩልበትም እዚሁ ነው። አራት ዓይነት እርማት አለ፦ የራስ፣ የዘርፉ ባለሙያ፣ የልጆችና የቋንቋ አርታዒ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

አንድ ረቂቅ አንቀጽ እንይ። ዓይነቱ በጣም የተለመደ ነው፦

«ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በመባል የምትታወቀው የአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ቅሪተ አካል በአፋር ክልል ሐዳር በተባለ ስፍራ በ1974 ዓ.ም የተገኘች ሲሆን ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት በመሆኑ የመጀመሪያዋ ሰው ያደርጋታል።»

የቋንቋ አርታዒ ሲያየው ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ «ሲሆን» እና «በመሆኑ» ተደራርበዋል ይላል፤ ልክ ነው። የዘርፉ ባለሙያ ግን የሚያየው ሌላ ነው። አንደኛ፣ 1974 በፈረንጆች ነው፤ በእኛ 1967 ዓ.ም ነው። ሁለተኛ፣ «የመጀመሪያዋ ሰው» ስህተት ነው። በዚያው በአፋር፣ መካከለኛው አዋሽ ላይ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ስላላት ድንቅነሽን በብዙ ትቀድማታለች፤ ድንቅነሽ ደግሞ ከእኛ ጋር ዝምድና ያላት ጥንታዊ ፍጡር እንጂ እንደ እኛ ያለች ሰው አይደለችም። ሁለቱም አንባቢዎች ያላዩትን ልጅ ያያል፦ «3.2 ሚሊዮን ዓመት ኖረች እንዴ?» «ዕድሜዋ» የሚለውን ልጅ እንደሚረዳው ነው የተረዳው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሦስቱ ካዩት በኋላ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አጥንቶቿ አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በሚባል ቦታ፣ በ1967 ዓ.ም ተገኙ። ሰው አልነበረችም፤ ጦጣም አልነበረችም። እንደኛ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፤ አንጎሏ ግን እንደ ቺምፓንዚ ትንሽ ነበር።»

ሳይንሳዊ ስሟ ተቆርጧል። አስፈላጊ ከሆነ ከጀርባ ባለው ገጽ ይገባል። «ሉሲ» የሚለውም አንድ ቦታ ብቻ ተጠቅሶ ይበቃል።

ባለሙያን በተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ ያፍራል፤ «ለልጆች መጽሐፍ ፕሮፌሰር ላስቸግር?» ይላል። አስቸግሩ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ቅርብ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የዘርፉ ሰው አይጠፋም። ሙሉውን ረቂቅ ከመስጠት ግን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር በተራ ቁጥር ለይታችሁ «ይህ ልክ ነው? አከራካሪ ነው? አርጅቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። አከራካሪ የሚለው ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች ድንቅነሽ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥናት አወጡ፤ ሌሎች ሳይንቲስቶች አልተስማሙም። «ከዛፍ ወድቃ ሞተች» ብሎ የሚጽፍ መጽሐፍ ክርክሩን ደብቋል። «አንዳንድ ሳይንቲስቶች እንዲህ ይላሉ፣ ሌሎቹ አይስማሙም፤ አንተስ አጥንቱን ብታይ ምን ትፈልግ ነበር?» የሚል ግን ልጁን ወደ ሥራው ይጋብዘዋል። ሰላምን «የሉሲ ልጅ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ለጆሮ ይጥማል፣ ነገር ግን ሰላም የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ልጅ ተብላ እናቷን በመቶ ሺህ ዓመት ልትቀድም አትችልም።

ልጆች ላይ መሞከር ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእኛ ልጆች ትልቅ ሰው እንዲያከብሩ ተደርገው ያደጉ ናቸው፤ «አዎ፣ ቆንጆ ነው» ይላሉ፣ እናንተም ተደስታችሁ ትሄዳላችሁ። ከዚህ ይልቅ መምህራቸውንና ወላጆቻቸውን አስፈቅዳችሁ ረቂቁን በተራ ወረቀት አትማችሁ ስጧቸው፤ ሲያነቡ ዝም ብላችሁ እዩ። ጣቱ የት ቆመ? የትኛውን ገጽ ሁለት ሦስት አድርጎ ገለጠ? የቱ ጋ ወደ ጓደኛው ዞረ? ከዚያ ወረቀቱን ተቀበሉና «እቤት ስትሄጂ ለታናሽ ወንድምሽ ምን ትነግሪዋለሽ?» በሏት። የነገረቻችሁ የመጽሐፉ አጥንት ነው፤ ያልጠቀሰችው ገጽ ምናልባት መውጣት አለበት። እንዲያስረዷችሁ ስትጠይቁ መልሱን በቃላችሁ የሚደግሙ ከሆነ አልገባቸውም፤ በራሳቸው አማርኛ ከነገሯችሁ ገብቷቸዋል። ያንን የራሳቸውን አማርኛ ጻፉት፤ ከእናንተ ዓረፍተ ነገር የተሻለ ሆኖ ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ።

ገንዘቡ ለአንድ እርማት ብቻ የሚበቃ ከሆነ የቱን ልምረጥ? ለባለሙያው ክፈሉ። ልጆቹ የሚፈልጉት ጊዜ ነው። ቋንቋውን ደግሞ ጮክ ብሎ በማንበብ ግማሽ መንገድ መሄድ ይቻላል፦ ትንፋሻችሁ ያለቀበት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡት። የፊደል አጻጻፍ ወጥነት ግን በጆሮ አይያዝም። ገጽ 4 ላይ «ፀሐይ»፣ ገጽ 9 ላይ «ጸሀይ» ከሆነ ገና ፊደል የሚለማመድ ልጅ ሁለት የተለያዩ ቃላት ሊመስሉት ይችላሉ። የቃላት ዝርዝር አውጡ፣ አንዱን አጻጻፍ ምረጡ፣ ለዲዛይነሩም ስጡት።

የከበደን ቃል እዚያው ማስረዳት ይሻላል ወይስ መጨረሻ ላይ መፍቻ ማድረግ? እዚያው። ልጅ ወደ ኋላ ሄዶ ፈልጎ አይመለስም። የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ ደግሞ ገጹ ላይ የኛን፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ሠንጠረዥ የፈረንጆቹን ማድረግ ይበጃል፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መደርደር ልጁን ያደናግራል።

የታተመውን መጽሐፍ ማሻሻል

የዕውቀት መጽሐፍ ያረጃል። በ1998 ዓ.ም መጨረሻ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ፕሉቶን ከፕላኔቶች ዝርዝር ሲያወጡ «9 ፕላኔቶች» የሚለው ሁሉ አረጀ። የአገራችን ክልሎች 9 ናቸው የሚሉ የልጆች መጻሕፍት ዛሬም በየቤቱ አሉ፤ ክልሎቹ 12 ሆነዋል። የሕዳሴ ግድብ «እየተገነባ ነው» የሚለውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ግድቡ ሲመረቅ ጊዜው አልፎበታል። ፒያሳን የሚያስጎበኝ መጽሐፍ በ2016 ዓ.ም የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ካላካተተ ልጁ የሚያየውን ከተማ አያሳይም።

እንግዲህ ሦስት መንገድ አለ። ስህተቱ አንድ ቁጥር ከሆነና ቅጂ ከተረፈ ትንሽ ማረሚያ ወረቀት አትሞ ማስገባት፤ ወረቀቱ ይወድቃል፣ ግን ካለማድረግ ይሻላል። ቅጂው ሊያልቅ ከሆነ አርሞ ደግሞ ማሳተም። ሥዕሉና አደረጃጀቱ ጭምር ካረጀ ሁለተኛ እትም ብሎ እንደ አዲስ መሥራት፤ ሽፋኑ ላይ «ተሻሽሎ የቀረበ» ካላችሁ በእርግጥም ተሻሽሎ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጅምሩ አስቦ መጻፍ ነው። ቶሎ የሚለወጡትን፣ የሕዝብ ብዛት፣ የአስተዳደር ወሰን፣ በግንባታ ላይ ያለ ሁሉ፣ በአንድ ጥንድ ገጽ ሰብስቧቸው፤ ሲለወጡ ያንን ገጽ ብቻ ትነካላችሁ። አንባቢ የጠቆመውን ስህተት የምታስገቡበት አንድ ፋይል ከመጽሐፉ ጋር ይኑራችሁ፤ የመጀመሪያው ስልክ በመጀመሪያው ሳምንት ይደወላል።

ማሳተሙ

እዚህ ላይ አጭር መሆን ይቻላል። ቅጂው ጥቂት ከሆነ ዲጂታል፣ ብዙ ከሆነ ኦፍሴት። ኦፍሴት ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚወጣለት መነሻው ውድ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ግን የአንዱ ዋጋ እየወረደ ይሄዳል። ለመጀመሪያ መጽሐፍ በዲጂታል ጥቂት አሳትሞ፣ አንባቢ ያገኘውን ስህተት አርሞ፣ ከዚያ ወደ ኦፍሴት መሄድ አስተዋይነት ነው። አራት ኪሎ ያለው ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም ጀምሮ ያለ አንጋፋ ማተሚያ ቤት ነው፤ የግል ማተሚያ ቤቶችም በየአካባቢው አሉ። ከሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፤ ለሁሉም ተመሳሳይ የገጽ ብዛት፣ የወረቀት ግራምና የሽፋን ዓይነት በጽሑፍ ስጡ። አለበለዚያ የማይነጻጸር ዋጋ ታወዳድራላችሁ።

ገጹን በ8 ወይም በ16 የሚካፈል አድርጉት፤ 24 ወይም 32 ለልጆች ይበቃል። በዚህ ውፍረት መሃሉን በሽቦ መስፋት በሙጫ ከማጣበቅ ይሻላል፤ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ቅጠሉም ቶሎ አይነቀልም። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (ISBN) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አስቀድማችሁ ውሰዱ።

ወረቀቱ ካልተቻለ የኤሌክትሮኒክስ አማራጭ አለ። አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨርን የመሳሰሉ መድረኮች በነፃ ፈቃድ የሚሰራጩ የልጆች መጻሕፍት የሚወጡባቸው ናቸው፤ አማርኛም ይገኝባቸዋል። ጥቅሙ ስህተት ዛሬ ታይቶ ነገ መታረሙ ነው፤ ጉዳቱ ሽያጭ የለውም፣ ስልክ የሌለው ልጅ ዘንድም አይደርስም። ነፃ ፈቃድ ማለት ሌላው ሰው ጽሑፋችሁን ሊለውጠው ይችላል ማለት መሆኑን አውቃችሁ፣ ሠዓሊውም ተስማምቶ ይሁን።

ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የተሰፋ ሙሉ ቅጂ ተቀብላችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልጡት። የገጹ ተራ ተዛብቶ እንደሆነ፣ ጽሑፉ ወደ ማጠፊያው ገብቶ እንደሆነ፣ እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ፊደላት በባዶ ሳጥን ተተክተው እንደሆነ፣ የሥዕሉ ቡኒ ቀለም ወደ አረንጓዴ አዘንብሎ እንደሆነ እዩ። ካገኛችሁ ያንኑ ቅጂ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ፣ ቀን ጽፋችሁና ፈርማችሁ ለማተሚያ ቤቱ መልሱ፤ የምልክቱን ፎቶም ለራሳችሁ አስቀሩ።